ሳይታሰብ ስለሚቋረጡ ፕሮሰሶች ምርመራ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በዩኒክስና ዩኒክስን በመሰሉ የኮምፒዩተር ሲስተሞች ላይ፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም በድንገት የሚቋረጥበትን ምክንያት እንዴት መርምረን እንደምንደርስበት የሚመለከት ነው። ርእሱ ጠባብ ይመስላል። ሆኖም ከመካከላችን ሰርቨር ጠባቂ ሆኖ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን፣ ጧት ከአለቃ ፊት የሚያቆመን፣ በባልደረቦችም መካከል ቅሬታ የሚያሳድረው በአብዛኛው ይኸው ነገር ነው።

በየመሥሪያ ቤታችን የተለመደ አነጋገር አለ። “ፕሮግራሙ ሞቷል” ይባላል፤ መልሱም “አስነሣው” የሚል ነው። ፕሮግራሙ ይነሣል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። በሳምንቱ እንደገና ይሞታል፤ እንደገናም ይነሣል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ጥፋተኛ መፈለግ ይጀመራል፤ የሚገኘውም ጥፋተኛ ብዙውን ጊዜ የሞተውን ፕሮግራም የሚጠብቀው ባለሙያ ነው። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሻው፣ የሞተውና ያጠፋው ብዙ ጊዜ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሲስተሙም ይህን ለይቶ የሚያሳይ ማስረጃ ትቶ የሚያልፍ መሆኑን ነው። ማስረጃው አለ፤ ነገር ግን ቶሎ ይጠፋል።

ከመሠረቱ እንነሣ። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪዎች በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ከተጀመረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተተከለው የወላጅና የልጅ ሥርዓት፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ሊኑክስም ውስጥ ጸንቶ ይገኛል። ፕሮሰስ የምንለው በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱም ከሌላ ፕሮሰስ የተወለደ ነው። ልጁ ሲሞት የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል የአሟሟቱን ሁኔታ መዝግቦ ይይዝና ወላጁ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ያቆያል። በሌላ አነጋገር፣ በዩኒክስ አገር መርዶ ሳይነገር የሚቀር ሞት የለም። ወላጁ ሳይጠይቅ የዘገየበት ሟች ዞምቢ ይባላል፤ ሜሞሪውን ሁሉ ለቅቆ ስሙና ቁጥሩ ብቻ በዝርዝሩ ላይ የቀረ ነው። እኛ “ዝም ብሎ ሞተ” የምንለው መርዶው ስላልተነገረ ሳይሆን የሰማው ስለሌለ ነው።

አሟሟቱ በሦስት መንገድ ይሆናል። አንደኛው፣ ፕሮሰሱ ሥራውን ጨርሶ ወይም እንቅፋት አጋጥሞት በራሱ ሲወጣ ነው። በዚህ ጊዜ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ የመውጫ ቁጥር ይተዋል፤ 0 ማለት በደኅና ተጠናቋል ማለት ነው፤ ሌላው ቁጥር በልማድ የችግር ምልክት ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮሰሱ ያልተፈቀደለትን ነገር ሲሠራ፣ ለምሳሌ የራሱ ያልሆነ የሜሞሪ አድራሻ ሲነካ፣ ከርነሉ በሲግናል ሲያስቆመው ነው። ሦስተኛው፣ ፕሮሰሱ ምንም ሳያጠፋ፣ ከሌላ ፕሮሰስ፣ ከሰው ትእዛዝ ወይም ከራሱ ከከርነሉ በተላከ ሲግናል ሲገደል ነው። እንግዲህ መርማሪው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ከሦስቱ የትኛው እንደ ደረሰ ነው። ይህን ሳይለዩ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ማንበብ መጀመር፣ በመኪና የተገጨን ሰው ስለ ምግቡ እንደ መጠየቅ ነው።

ለዚህ መለያ የሚሆን አንድ ትንሽ ስሌት አለ። ሼሉ በሲግናል የሞተን ፕሮሰስ የሚያስታውቀው በ128 ላይ የሲግናሉን ቁጥር ደምሮ ነው። ስለዚህ 137 ሲታይ 128 ቢቀነስለት 9 ይቀራል፤ ይህም ሲግኪል፣ ፕሮሰሱ ሊቀበለው እንጂ ሊያስቀረው የማይችለው የግድያ ትእዛዝ ነው። 143 የሚመጣው ከ15፣ ማለትም ከሲግተርም ነው፤ ይህ ደግሞ “ሥራህን ሰብስበህ ውጣ” የሚል በጨዋ ደንብ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። 139 ከ11 የመጣ ሲግሴግቪ፣ 134 ከ6 የመጣ ሲግአቦርት፣ 129 ከ1 የመጣ ሲግሃፕ ነው። 127 ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ ትእዛዙ ጨርሶ አለመገኘቱን ያመለክታል። 126 ደግሞ ፋይሉ ተገኝቶ ሊሠራ አለመቻሉን ይገልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ በሼል ስክሪፕት አማካይነት የተነሣ እንደሆነ፣ በሲግናል የሚሞተው ልጁ ነው፤ ስክሪፕቱ ግን 137 የሚለውን ቁጥር ተሸክሞ በራሱ ይወጣል። የሰርቪስ አስተዳዳሪው ሲስተምዲም “በራሱ ወጣ፤ ቁጥሩ 137” ብሎ ይመዘግባል እንጂ “በ9 ተገደለ” አይልም። የጃቫ ፕሮግራምም ሲግተርም ሲደርሰው ንብረቱን ሰብስቦ 143 ብሎ በራሱ ይወጣል። ስለሆነም ሲስተምዲ “ወጣ” ያለውን እንደ ወረደ ተቀብለን ግድያ የለም ማለት አይገባንም፤ ቁጥሩንም መመልከት ያስፈልጋል።

ወደ እያንዳንዱ ዓይነት ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ማስረጃ አያያዝ ጥቂት ልበል። ከሁሉ አስቀድሞ ሰርቨሩ ራሱ ወድቆ ተነሥቶ እንደሆነ አፕታይም በሚባለው ትእዛዝ ማረጋገጥ ይገባል። መብራት ሄዶ በመጣበት፣ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ጠፍቶ በተነሣበት ሌሊት፣ ስለ አንድ ፕሮሰስ ሞት መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ይህም የኛን አገር ባለሙያ በተለይ ይመለከታል። ተጠቃሚው ደውሎ “ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆመብን” ይላል። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የተሞላ እንደሆነ ደግሞ ሎግ የምንለው የክንውን መዝገብ ያንኑ ቅጽበት የሚያሳየው 23 ሰዓት ብሎ ነው፤ ቀኑም የዋዜማው ነው። ስለዚህ 8 ሰዓትን የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፤ 2 ሰዓትን የሚፈልግም እንዲሁ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለቱም “ሎጉ ምንም አይናገርም” ብለው ይሄዳሉ። ሎጉ ግን የተናገረው በሌላ ቀን ገጽ ላይ ነው። ከርነሉ ራሱ በሚጽፈው መዝገብ ላይ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ ባለፉት ሴኮንዶች ስለሆነ፣ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። የሦስቱን ሰዓት ዝምድና በወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛ ላይ መለጠፍ ነውር የለውም።

መዝገቡም ዘላለማዊ አይደለም። ሲስተምዲ በሚሠራባቸው ብዙ ሲስተሞች ላይ ጆርናል የሚባለው መዝገብ፣ ለእርሱ የተለየ ማኅደር በዲስክ ላይ ካልተዘጋጀለት፣ የሚቀመጠው በሜሞሪ ነው፤ ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ “እስቲ ሰርቨሩን አጥፍተህ አስነሣው” የሚለው ምክር፣ ደም የፈሰሰበትን ወለል ፖሊስ ሳይመጣ ማጠብ ማለት ነው። ማስነሣቱ ግድ ከሆነ፣ የከርነሉን መልእክቶች፣ የሰርቪሱን ሁኔታና የፕሮሰሶቹን ዝርዝር በፋይል ገልብጦ ማስቀመጥ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ልመለስ። ፕሮሰሱ በራሱ ጥፋት የሞተ እንደሆነ ከርነሉ አንዲት መስመር ይጽፋል። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ ይህች መስመር የፕሮግራሙን ስም፣ የተነካውን አድራሻ፣ ስሕተቱ የተፈጸመበትን የኮድ ቦታና የስሕተቱን ቁጥር ትይዛለች። ቁጥሩ 4 ከሆነ ፕሮግራሙ ባልተያዘ የሜሞሪ ቦታ ላይ ሊያነብ፣ 6 ከሆነ ሊጽፍ ሲሞክር ተይዟል ማለት ነው። የተነካው አድራሻ 0 ወይም እጅግ ትንሽ ቁጥር ከሆነ፣ ፕሮግራመሩ ባዶ ጠቋሚ ሳይፈትሽ እንደ ተጠቀመ መገመት ይቻላል። በ6 የሞተ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የገደለ ነው፤ ውስጡ መበላሸቱን ሲረዳ ከመቀጠል መቆምን መርጧል፤ ከመሞቱም በፊት በስሕተት መዝገቡ ላይ የመጨረሻ ቃሉን ይተዋል።

በ4 ስለሚሞተው፣ ሲግኢል ስለሚባለው፣ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ይህ ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ ሲመጣበት የሚሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሞንጎዲቢ 5.0 ኤቪኤክስ የሚባለውን የትእዛዝ ስብስብ ይፈልጋል፤ ይህ በሌላቸው አሮጌ የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ ገና ሲነሣ ይወድቃል። እንዲህ ዓይነቱን ውድቀት በፕሮግራሙ ውቅር ውስጥ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም።

የዚህ ወገን ትልቁ ማስረጃ ኮር የሚባለው ፋይል ነው። ስሙ የመጣው ኮምፒዩተሮች ሜሞሪያቸውን ከጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ይሠሩ ከነበረበት ዘመን ነው። ፋይሉ ሟቹ በሞተባት ቅጽበት የነበረው የሜሞሪ ግልባጭ ነው፤ ጂዲቢ በሚባለው መመርመሪያ ሲከፈት የትኛው ተግባር የትኛውን ጠርቶ ሳለ እንደ ሞተ ያሳያል። ይሁን እንጂ በብዙ ሲስተሞች ላይ የሚፈቀደው የፋይል መጠን 0 ተብሎ ስለሚሞላ ፋይሉ ጨርሶ አይጻፍም። ይህን አስቀድሞ መክፈት ብልህነት ነው። ነገር ግን ግልባጩ የይለፍ ቃሎችንና የደንበኞችን ምስጢር ጭምር ሊይዝ ስለሚችል፣ ለውጭ ድርጅት በኢሜይል ከመላኩ በፊት ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚከተለው እጅግ የሚያከራክረው የሞት ዓይነት፣ በሜሞሪ እጥረት መገደል ነው። ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ሊኑክስ ሜሞሪ የሚሰጠው በቃል ነው። አንድ ፕሮግራም “4 ጊጋባይት ስጠኝ” ሲል ከርነሉ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላል፤ እውነተኛውን ሜሞሪ ግን የሚሰጠው ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ገጽ መጀመሪያ ሲነካው ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የጠየቁትን ሁሉ ስለማይጠቀሙበት፣ ካለው በላይ ቃል መግባት ብዙ ጊዜ አያሳፍርም። ለ300 ሰው የሚበቃ ድግስ ደግሶ 500 ሰው የሚጠራ ባለ ሠርግም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሁሉም እንደማይመጣ ያውቃልና። ሁሉም የመጣ ዕለት ግን ጉድ ይፈላል።

በዚያን ጊዜ ኦኦኤም ኪለር የሚባለው የከርነሉ ክፍል ይነሣል። ለየፕሮሰሱ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም በዋናነት የሚመሠረተው ፕሮሰሱ በዚያች ቅጽበት በያዘው የሜሞሪና የስዋፕ መጠን ላይ ነው። አስተዳዳሪው ከ1000 ሲቀነስ እስከ 1000 ሲደመር ባለ ቁጥር ነጥቡን ሊያስተካክል ይችላል። ከፍተኛው ነጥብ ያለው ይገደላል። ልብ በሉ፤ ማን አጠፋ፣ ማን በቅርብ ጊዜ አበጠ፣ ማንስ ለመሥሪያ ቤቱ ይበልጥ ይጠቅማል የሚል ጥያቄ በስሌቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ በሚጻፈው መዝገብ ላይ ሦስት ወገኖችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው መስመር የሚጠቅሰው ጠሪውን ነው፤ ይህ በዚያች ቅጽበት ጥቂት ሜሞሪ ጠይቆ ያጣ ማንኛውም ፕሮሰስ ነው። የመጨረሻው መስመር የሚጠቅሰው ሟቹን ነው። አጥፊው ግን በስም አይጠቀስም፤ በመካከሉ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀምጦ መርማሪውን ይጠብቃል። በሠንጠረዡ ላይ ያሉት የሜሞሪ ቁጥሮች በገጽ የተቆጠሩ መሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ በተለመዱት ፕሮሰሰሮች አንዱ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። ቁጥሮቹን በኪሎባይት የሚያነብ ሰው አጥፊውን ከአራት እጅ አሳንሶ ያየዋል።

ለአብነት ያህል፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ያጋጠመውን ላቅርብ። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው፤ ስዋፕ አልነበረውም። በላዩ ላይ የሚሠራው ዳታቤዝ በየወሩ መጨረሻ ሌሊት በ9 ይገደል ነበር። ጧት ቆጣሪዎች ገንዘብ መክፈል አይችሉም፤ ባለ ጉዳይ ይሰለፋል። ለሦስት ወራት ያህል ነገሩ ሲደጋገም፣ የዳታቤዙ ኀላፊ የሆነው ባለሙያ “ዳታቤዙን በሚገባ አልጠበቅህም” ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ዳታቤዙን በሌላ ስለ መተካትም ጥናት ተጀመረ። ተጠርቼ መዝገቡን ስመለከት፣ በሠንጠረዡ ላይ ዳታቤዙ 1,500,000 ያህል ገጾች ይዟል፤ ይህ 6 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ልክ በውቅሩ የተመደበለት መጠን። ከበታቹ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አራት ፕሮሰሶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ከ570,000 ገጾች በላይ፣ ማለትም 2.3 ጊጋባይት ያህል ይዘዋል። በድምሩ ከ9 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። እነዚህ የሌላ ክፍል ንብረት የሆኑ፣ የወሩን ሪፖርት ለአራት ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጁ ፕሮግራሞች ነበሩ። አራቱ ተደምረው ከዳታቤዙ ይበልጣሉ፤ አንድ በአንድ ሲታዩ ግን ዳታቤዙ ከሁሉም ይበልጣል። ኦኦኤም ኪለር የሚያየው አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ በተመደበለት ልክ በጨዋነት የተቀመጠው ተገደለ፤ ያለ ልክ የበሉት አራቱ ሪፖርታቸውን ለመጨረስ ቀሩ፤ የሚያነቡት ዳታቤዝ ስለ ሞተባቸው እነርሱም ጥቂት ቆይተው ስሕተት ጽፈው ወጡ። የሪፖርቱ ክፍል ሰዎች የዚያን ስሕተት ቅጂ “ዳታቤዙ እየወደቀ አስቸገረን” ለሚለው አቤቱታቸው አባሪ አድርገውት ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሪፖርት አዘጋጁ ሠንጠረዡን በሙሉ ወደ ሜሞሪ መጫኑን ትቶ በክፍል በክፍል እንዲያነብ፣ ቅርንጫፎቹም በየተራ እንዲስተናገዱ ተደረገ፤ በተጨማሪም ለሪፖርት ሥራው የሜሞሪ ጣሪያ ተበጀለት። ዳታቤዙ ከዚያ ወዲህ በሌሊት አልሞተም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ግን በባለሙያው የግል ማኅደር ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ብዙዎች እዚህ ላይ “ለዳታቤዙ ነጥቡን ከ1000 ሲቀነስ አድርጎ ከግድያ ነጻ ማውጣት አይሻልም ወይ?” ብለው ይጠይቃሉ። በኔ አስተያየት ይህ አጥፊው ሳይታወቅ የሚደረግ ከሆነ ሞቱን ወደ ጎረቤት ማዛወር ነው። ቀጣዩ ሟች ሰርቨሩ ውስጥ የምንገባበት ፕሮግራም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ለመመርመርም በር አይኖርም።

ጣሪያ ያልኩት ሲግሩፕ በሚባለው የከርነል ሥርዓት የሚበጅ ነው፤ ዛሬ ኮንቴይነር በምንላቸው ሁሉ ሥር ያለውም እርሱ ነው። ኮንቴይነር የራሱ ጣሪያ ስላለው፣ ሰርቨሩ ብዙ ባዶ ሜሞሪ እያለው በውስጡ ያለ ፕሮሰስ በሜሞሪ እጥረት ሊገደል ይችላል። ግራ የሚያጋባው፣ በኮንቴይነሩ ውስጥ ሆነን የሜሞሪ መጠን ብንጠይቅ የሚነገረን የሰርቨሩ እንጂ የጣሪያው መጠን አለመሆኑ ነው። የቀድሞዎቹ የጃቫ ዕትሞች በዚህ ይሳሳቱ ነበር። ከሚያዩት ሜሞሪ ሩቡን ለራሳቸው ስለሚያስቡ፣ 64 ጊጋባይት ባለው ሰርቨር ላይ 2 ጊጋባይት ብቻ የተፈቀደለት ኮንቴይነር ውስጥ እስከ 16 ጊጋባይት ለማደግ ይነሣሉ፤ መንገድ ላይም ይገደላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጃቫ 10 ጣሪያውን አይቶ የሚያስብ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ከኮንቴይነር የመጣ 137 ሁሉ የሜሞሪ ጉዳይ አይደለም። ዶከር ኮንቴይነርን ሲያቆም መጀመሪያ ሲግተርም ይልካል፤ በልማድ 10 ሴኮንድ ጠብቆ ካልወጣ በሲግኪል ይገድለዋል። ኩበርኔቲስ 30 ሴኮንድ ይጠብቃል። በኮንቴይነር ውስጥ ቁጥር 1 ሆኖ የሚሠራ ፕሮሰስ ደግሞ ለሲግተርም የተለየ ምላሽ ካላዘጋጀ፣ ከርነሉ ሲግናሉን ይተውለታል እንጂ አይገድለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ሴኮንድ ቆይቶ በ9 ይሞታል። በሲግሩፑ ማኅደር ውስጥ በሜሞሪ ምክንያት የተገደሉት ቁጥር ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ቁጥሩ ካልጨመረ ሌላ ገዳይ መፈለግ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ሲስተሞች ላይ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በፌዶራ 34፣ ሲስተምዲ-ኦኦኤምዲ የሚባል ሌላ ጠባቂ ተጨምሯል። እርሱ ከከርነሉ ቀድሞ አንድን የፕሮሰስ ጉባኤ በሙሉ ይገድላል። ፍርዱንም የሚጽፈው በራሱ ስም በጆርናሉ ላይ ስለሆነ፣ የኦኦኤም ኪለርን የታወቀ ሠንጠረዥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ገዳዩን አያየውም።

ከሜሞሪ ውጭ ያሉትን የውጭ ገዳዮች በአጭሩ ልለፋቸው። ሲግሃፕ ስሙን ያገኘው የስልክ መስመር ሲዘጋ ከሚባለው ነው፤ ዛሬ የሚመጣው ከሩቅ የገባንበት ተርሚናል ሲቋረጥ ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ዳታ የማዛወር ሥራው በእኩሌታው የቆመበት ባልደረባ ይህን በሚገባ ያውቀዋል፤ ኖሃፕ ወይም ቲማክስ መድኀኒቱ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሲስተምዲ 230፣ ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮሰሶቹ ሁሉ እንዲገደሉ የሚያደርገውን ምርጫ በነባሪነት ስለ ከፈተ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ዴብያንን የመሰሉ ስብስቦች ወደ ቀድሞው መልሰውታል። ስለዚህ ኖሃፕ ያላዳነው ፕሮሰስ ሲያጋጥም ይህን ምርጫ ማየት ይገባል። 141 ቁጥር ደግሞ ሲግፓይፕ ነው፤ የሚያዳምጠው ሰው ሄዶ ሳለ ንግግሩን የቀጠለ ፕሮሰስ የሚሞትበት ነው።

ሲስተምዲ ራሱም ገዳይ ነው። ሰርቪስ እንዲቆም ሲታዘዝ በነባሪነት 90 ሴኮንድ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ በሲግኪል ይጨርሳል። የሞተውን ሁሉ ወዲያው እንዲያስነሣ የሚያዘው ምርጫም ከርሱ ዘንድ ይገኛል። ይህን ምርጫ አልነቅፈውም፤ ሌሊት ተኝተን የምናድረው በርሱ ነው። የምነቅፈው የሞቱን ብዛት የሚቆጥር ሰው ሳይመደብ ምርጫውን መክፈትን ነው። በቀን አርባ ጊዜ እየሞተ አርባ ጊዜ የሚነሣ ሰርቪስ ከሩቅ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ በእያንዳንዱ ሞት በእጁ የነበረው የደንበኛ ጉዳይ ግን በመካከል ተቆርጦ ይቀራል። ቁጥሩ በሰርቪሱ መረጃ ውስጥ ተመዝግቦ ስለሚገኝ በየሳምንቱ ማየት ይቻላል።

በመጨረሻ የቀረው፣ የታወቀ ገዳይ የሌለው፣ በ15 ወይም በ9 የሚፈጸም ሞት ነው። ሲግናል በሚደርስበት ጊዜ ከርነሉ የላኪውን ፕሮሰስ ቁጥርና የተጠቃሚውን መለያ አብሮ ይይዛል። ኤስትሬስን ከፕሮሰሱ ጋር አገናኝቶ ማቆየት ሲግተርም ሲመጣ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ግን ፕሮግራሙን ያዘገያል። ሞቱ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የተሻለው ኦዲት የሚባለውን የከርነል መዝገብ ሲግናል የሚልከውን ጥሪ እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ከዚያ በኋላ ማን፣ በየትኛው ፕሮግራም፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደ ላከ ይጻፋል።

በአንድ ሌላ ድርጅት የጃቫ ሰርቪስ በየዕለቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 143 ብሎ ይወጣ ነበር። በሜሞሪ መዝገብ ምንም የለም፤ ከሠራተኞቹም እጁን ያስገባ አልነበረም። የኦዲቱ መዝገብ በተከፈተ በመጀመሪያው ምሽት ላኪው ታየ። በየምሽቱ በክሮን የሚነሣ አንድ የጽዳት ስክሪፕት፣ የቆዩ የሪፖርት ፕሮሰሶችን ለማስወገድ ፒኪል የተባለውን ትእዛዝ ሙሉውን የትእዛዝ መስመር እንዲመለከት አድርጎ “ሪፖርት” በሚል ቃል ይጠራዋል። የጃቫው ሰርቪስ የሪፖርት ፕሮግራም አይደለም፤ ነገር ግን በቅርቡ የተዛወረበት ማኅደር ስም ያንኑ ቃል ይዞ ነበርና በትእዛዝ መስመሩ ላይ ይታያል። በፒኪል ፈንታ ፒግሬፕን በዚያው ቃል አስቀድሞ ቢያሄዱት፣ ማን ማን እንደሚገደል ስም በስም ይዘረዝር ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ድርጅቱን ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል።